ሲሲሊን በመኪና፦ ፍርስራሾቹን ከየት ጀምረን እንያቸው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በኦክቶበር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአንድ ሳምንት ሲሲሊ ልንሄድ አስበናል። እኔና ባለቤቴ፣ የ13 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን፣ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴም አብረውን አሉ። መኪና ተከራይተን የጥንት ፍርስራሾችን ማየት እንፈልጋለን። ደሴቲቱን ሙሉ እንዙር ወይስ እንምረጥ? እናቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጆቹ ደግሞ ‘ሁሉም ድንጋይ ነው’ ብለው እንዳይሰለቹብን ፈርቻለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ደሴቲቱን ሙሉ አትዙሩ። ሲሲሊ ከሜዲትራኒያን ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። ስፋቷ ከ25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአንድ ሳምንት ልዙራት ያለ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው አስፋልት ላይ ነው። ግማሹን ያዙ፣ እሱን ግን ረጋ ብላችሁ እዩ።

የኔ ሥራ የጥንት የድንጋይ ሕንፃ ጥገና ነው። ሲሲሊ ደግሞ ደጋግሜ የምመለስባት አገር ናት። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የልጆቹን ነገር ልመልስልሽ። ፍርስራሽ የሚሰለቸው ማንበብ ሳይቻል ሲቀር ነው። አዋቂም ይሰለቸዋል። ሲሲሊ ላይ ግን መንገዱ ራሱ ንባቡን ያስተምራል፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ከተነዳ ማለቴ ነው። ከምዕራብ ተነሥታችሁ በደቡብ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ሂዱ። መጀመሪያ ተሠርቶ ያላለቀ ቤተ መቅደስ ታያላችሁ። ቀጥሎ ድንጋዩ የተቆረጠበትን ካባ። ከዚያ የወደቀውን፣ ከዚያ ሳይወድቅ የቀረውን፣ በመጨረሻም እስከ ዛሬ ቅዳሴ የሚቀደስበትን። ከምሥራቅ ብትጀምሩ ግን ልጆቹ ያለቀለትን አይተው ወደ ጅምሩ ስለሚመጡ ጉጉታቸው ይሞታል።

ስለዚህ በፓሌርሞ ግቡ፣ በካታኒያ ውጡ። መኪናውን በአንድ ከተማ ወስዶ በሌላ መመለስ ተጨማሪ ያስከፍላል። እኔ ግን ያንን ገንዘብ ያለ ቅሬታ እከፍለዋለሁ፤ ግማሽ ቀን የሚበላ የመልስ ጉዞ ያስቀራል። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶችም ሰዓቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ቀን ፓሌርሞን በእግር እዩ። መኪና ገና አትውሰዱ። የከተማው ትራፊክ አድካሚ ነው፤ ማቆሚያ ማግኘትም መከራ ነው። እዚያ ለናንተ ጉዞ ዋናው ቦታ የአንቶኒዮ ሳሊናስ ሙዚየም ነው። የጥንቷ ከተማ የሴሊኑንቴ ቤተ መቅደሶች ቅርጻ ቅርጾች ያሉት እዚህ ነው። የግሪክ ተረቱ ጀግና ፔርሴዎስ የጭራቋን የሜዱዛን አንገት ሲቆርጥ የሚያሳየውን ልጆቹ ይወዱታል። ሁለት ቀን ቆይታችሁ ቅርጾቹ የወጡበት ሕንፃ ሥር ትቆማላችሁና አሁኑኑ ፎቶ አንሡት። ማታ መንገድ ዳር ፓኔሌ ብሉ። ከሽምብራ ዱቄት ተጠብሶ በዳቦ ይሰጣል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ለእናትሽ ንገሪያቸው።

በማግስቱ ጠዋት በባቡር ወይም በአውቶቡስ ወደ ፓሌርሞ አውሮፕላን ማረፊያ ተመለሱና መኪናውን ከዚያ ውሰዱ። ማረፊያው ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፤ የምትሄዱበትም አቅጣጫ እሱው ነው። የጀርመን መንጃ ፈቃድ ካላችሁ ሌላ ወረቀት አያስፈልግም። መንጃ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ከሆነ ግን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ የጣሊያንኛ ትርጉም መያዝ ግዴታ ነው። ለመያዣ የሚሰጠው ክሬዲት ካርድ በሹፌሩ ስም መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ባንኮኒው ላይ የሚቸገረው በዚህ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ። የገጠሩ መንገድ ጉድጓድ አያጣውም፣ የመንደሮቹም መተላለፊያ ጠባብ ነው። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹት። እናትሽ ፓስፖርታቸውን ይያዙ። ጣሊያን ሼንገን ውስጥ ስለሆነች በጀርመን የተሰጣቸው የሼንገን ቪዛ ይሠራል፤ የቀሩትን ቀኖች ብቻ ቁጠሩላቸው።

ከማረፊያው ወደ ሴጌስታ አንድ ሰዓት አይሞላም። አውራ ጎዳናው ኤ29 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። አረንጓዴ ምልክት አውራ ጎዳና፣ ሰማያዊው ተራ መንገድ፣ ቡናማው ታሪካዊ ቦታ ነው። ቡናማውን መፈለግ የትንሹ ልጅ ሥራ ይሁን።

ሴጌስታ ስትደርሱ ኮረብታው ላይ ብቻውን የቆመ ቤተ መቅደስ ታያላችሁ። 36ቱም ዓምዶቹ በቦታቸው አሉ። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም። ከመኪና ማቆሚያው አጭር ዳገት ነው፤ እናትሽ ቀስ ብለው ይወጡታል። ልጆቹን ቅርብ ውሰጃቸውና «ምን ይጎድለዋል?» በያቸው። አትንገሪያቸው፣ ራሳቸው ይፈልጉ።

የሚጎድለው ብዙ ነው። በጥንት ዘመን ሲሲሊ ላይ የግሪክ ከተሞች ነበሩ፤ ይህም ቤተ መቅደስ የተሠራው በግሪክ አሠራር ነው። የግሪክ ዓምድ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቦይ ይቀረጽበታል፤ እነዚህ ግን ለስላሳ ናቸው። ቦዩ የሚቀረጸው ዓምዱ ከቆመ በኋላ ስለነበር ማለት ነው። የደረጃዎቹ ድንጋይ ፊት ላይ ወጣ ወጣ ያሉ ጉብታዎች አሉ። ድንጋዩ ሲጓጓዝና ሲነሣ መያዣ ነበሩ፤ ሥራው ሲያልቅ በመሮ ይጠረባሉ። እዚህ ማንም አልጠረባቸውም። መሀል ላይ የጣዖቱ ክፍል የለም። ጣሪያም አልነበረውም። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ሥራው በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት መጨረሻ አካባቢ በጦርነት ምክንያት ቆመ፣ ከዚያም የቀጠለው የለም። ለኔ ይህ ያላለቀ ሕንፃ ካለቁት ይበልጥብኛል። ያለቀ ሕንፃ የሠራተኞቹን እጅ ይደብቃል። ይኸኛው ሰዎቹ ለምሳ ወጥተው የሚመለሱ ያስመስላል።

የጦርነቱን ታሪክ እዚያው ጥላ ሥር ተርኪላቸው። የጉዟችሁ ሁሉ ክር እሱ ነውና። ሴጌስታና ደቡብ ዳርቻ ላይ ያለችው ሴሊኑንቴ በድንበር ይጣሉ ነበር። ሴጌስታ አቅም ሲያንሳት የአቴናን እርዳታ ጠየቀች። «ወጪውን እኛ እንችላለን» አለች። አቴናውያን ሀብቷን አይተው እንዲመጡ መልእክተኞች ላኩ። የሴጌስታ ሰዎች ምን አደረጉ? ከየቤቱና ከጎረቤት ከተሞች የወርቅና የብር ጽዋ ሰበሰቡ። እንግዶቹ ዛሬ እዚህ ቤት ነገ እዚያ ቤት ሲጋበዙ የሚቀርብላቸው ያው አንድ ዕቃ ነበር። እነሱ ግን የከተማዋ ሰው ሁሉ ሀብታም መስሏቸው ተመለሱ። በ415 ከክርስቶስ ልደት በፊት የአቴና መርከቦች መጡ። የተባለው ገንዘብ አልነበረም። የመርከቦቹ ዋና ዒላማ የነበረችው ሲራኩስ ናት፤ መጨረሻቸውንም እዚያ ስትደርሱ ታዩታላችሁ። ሴጌስታ አቴና ሲከሽፍባት የሰሜን አፍሪካዋን ኃያል ከተማ ካርታጎን ጠራች። የምታይዋቸው ከተሞች ብዙዎቹ የፈረሱት በዚያ ጥሪ ነው።

ከቤተ መቅደሱ በላይ ተራራው ላይ ጥንታዊ ቲያትር አለ። በእግር አትውጡ፤ አውቶቡስ ይወስዳል። ከመቀመጫዎቹ እስከ ባሕሩ ድረስ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ኤ29ን ይዛችሁ ወደ ማዛራ ዴል ቫሎ አቅጣጫ ውረዱና በካምፖቤሎ ዲ ማዛራ ውጡ። ብዙ ቱሪስት የሚዘለውን፣ እኔ ግን በፍጹም አትዝለሉ የምላችሁን ቦታ እዚህ ታገኛላችሁ። ካቬ ዲ ኩሳ ይባላል። ለሴሊኑንቴ ቤተ መቅደሶች ድንጋይ የተቆረጠበት ካባ ነው። የወይራ ዛፎች መሀል በጸጥታ ተኝቷል።

የዓምዱ ክብ ድንጋዮች እዚያው አለቱ ውስጥ አሉ። አንዳንዱ ቁመቱም ወርዱም ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ አለቱ ላይ ክብ ያሰምራሉ። ከዚያ ዙሪያውን ሰው ገብቶ የሚሠራበት ጠባብ ቦይ እየቆፈሩ ይወርዳሉ። በመጨረሻ ከሥሩ ይፈነቅሉታል። ኩሳ ላይ ይህ ሁሉ ደረጃ በየተራው ይታያል። አንዱ ገና ክቡ ብቻ የተሰመረበት ነው። ሌላው ግማሽ ድረስ ወርዷል። ሌላው ለመፈንቀል ጥቂት ቀርቶታል። ተቆርጠው መንገድ የጀመሩም አሉ። በ409 ከክርስቶስ ልደት በፊት የካርታጎ ጦር ሴሊኑንቴን ሲያጠፋ መሮው ቆመ። የመሣሪያው ምልክት ዛሬም በጣት ይዳሰሳል።

አክሱም ሄደሽ የምታውቂ ከሆነ ይህን ለመረዳት አይቸግርሽም። ከከተማው በስተ ምዕራብ ጎቦ ድራ ላይ የሐውልቶቹ ድንጋይ የተቆረጠበት ቦታ አለ፤ ከአለቱ ሳይላቀቅ የቀረ ሐውልትም እስካሁን እዚያው ተኝቷል። የዚያኛው ድንጋይ በጣም ጠንካራ ስለሆነ በመስመር ቀዳዳ እየቦረቦሩ ሽብልቅ ያስገቡ ነበር። የኩሳው ለስላሳ ነው፤ ዙሪያውን በመሣሪያ መብላት ይበቃል። ሁለቱን አስተያይታችሁ ብትነጋገሩ እናትሽም ከልጆቹ ጋር የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ጉልበታቸውን አያስቸግርም።

ማታውን ሴሊኑንቴ አጠገብ ባለችው ማሪኔላ እደሩ። ባሕር ዳር ናት፣ ጸጥ ያለች፣ ዓሣዋም ጥሩ ነው።

ጠዋት ሴሊኑንቴ ግቡ። ቦታው ከአውሮፓ ሰፋፊ የአርኪዮሎጂ ፓርኮች አንዱ ነው፤ በእግር እንጨርሰው ብትሉ ትደክማላችሁ። ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስላሉ ለእናትሽ ቲኬት ግዙላቸው። የምሥራቁ ኮረብታ ላይ ሦስት ቤተ መቅደሶች አሉ። አምላካቸው ማን እንደሆነ ለሁሉም በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ በፊደል ነው የሚጠሩት። «ኢ» የቆመው ነው። «ጂ» የተባለው ደግሞ ርዝመቱ ከ100 ሜትር በላይ፣ ወርዱ 50 ሜትር ገደማ የነበረ፣ ግሪኮች ካሰቧቸው ሕንፃዎች ሁሉ ከትልልቆቹ የሚቆጠር ነው። ዛሬ የድንጋይ ክምር ነው። ትናንት ኩሳ ላይ ያያችኋቸው ድንጋዮች ሊመጡ የነበረው ለዚህ ሕንፃ ነው ተብሎ ይታመናል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት አብሬ ብሆን እወድ ነበር።

እዚህ የአወዳደቁን ነገር አስተውሉ። ከተማዋን ያጠፋት ጦር ነው፤ ዓምዶቹን የጣላቸው ግን በኋላ የመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በቂ ምልክት አለው። ሰው ያፈረሰው ሕንፃ ድንጋዩ ይበታተናል። መንቀጥቀጥ የጣለው ዓምድ ግን እንደተቆራረጠ ሸንኮራ አገዳ ክብ ክቡ ተከታትሎ በአንድ መስመር ይተኛል። ሴሊኑንቴ ላይ እንዲህ የተኙ ብዙ ናቸው።

«ኢ» የቆመው ደግሞ ወድቆ ከነበረበት በ1950ዎቹ ተነሥቶ ነው። በኛ ሙያ እስካሁን የሚያከራክር ሥራ ነው። ሲሚንቶና ብረት ገብቶበታል፤ አንዳንድ ድንጋይም ቦታው እሱ መሆኑ ያጠራጥራል። የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ዛሬ እንዲህ አላደርገውም። ወድቆ የተኛ ዓምድ ራሱ ምስክር ነው፤ ሲነሣ ምስክርነቱ ይጠፋል። ነገር ግን አንድ ሕፃን መሀሉ ገብቶ ቀና ሲል አፉን የሚከፍተው «ኢ» ውስጥ እንጂ ክምሩ ላይ አይደለም። ሁለቱም ጎን ለጎን መኖራቸው ለናንተ ጥሩ ነው። ክምሩ ላይ ግን አትውጡ፤ አደገኛም ነው፣ ክልክልም ነው።

ከምሳ በኋላ ኤስኤስ115 የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ወደ አግሪጄንቶ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው፤ ካሜራ አለበት፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ ከኋላ ተጠግቶ ነው የሚነዳው። አትደንግጡ፣ ቀኝ ይዛችሁ አሳልፉት። ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ራስሽ የምትቀጂበት መስመር ሠራተኛ ከሚቀዳበት ይረክሳል። «ጋሶሊዮ» የሚለው ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን እንዳይመስልሽ።

አግሪጄንቶ ሁለት ሌሊት እደሩ። መጀመሪያ ሙዚየሙን፣ ከዚያ የቤተ መቅደሶች ሸለቆ የሚባለውን ቦታ እዩ። በሙዚየሙ ውስጥ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ የሆነ የድንጋይ ሰው ቆሟል። የዜውስ ቤተ መቅደስ ዓምዶች መሀል ቆመው ጣሪያውን በክንዳቸው የተሸከሙ ከሚመስሉት አንዱ ነበር። ያ ሕንፃ 112 በ56 ሜትር ገደማ ነበር፤ ዶሪክ በሚባለው የግሪክ አሠራር ከተሠሩት ቤተ መቅደሶች ሁሉ ትልቁ ነው። ሜዳው ላይ ስትሄዱ የተበታተኑ ድንጋዮች ታያላችሁ። ጫፋቸው ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቦይ ተቀርጿል፤ ገመዱ የሚገባበት ነው። የቀረው ድንጋይ የት ሄደ? በ18ኛው መቶ ዘመን እየተጫነ የፖርቶ ኤምፔዶክሌ ወደብ ተሠራበት። ፍርስራሽ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ጦርነትና መንቀጥቀጥ ይጥሉታል፣ ተሸክሞ የሚወስደው ግን ጎረቤት ነው።

ሸለቆ ይባል እንጂ በእውነት የኮረብታ ጀርባ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ 3 ሰዓት ተኩል ግቡ። በምሥራቁ፣ በሄራ ቤተ መቅደስ በኩል ባለው በር መግባት አለባችሁ። ከፍታው እዚያ ስለሆነ እናትሽ አብዛኛውን የሚሄዱት ቁልቁል ነው። ከታችኛው በር ወደ መኪናችሁ በታክሲ መመለስ ይቻላል። በኦክቶበር ፀሐይ ቶሎ ስለምትገባ የመዝጊያ ሰዓቱን በዚያው ሳምንት አጣሩ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምሽቱም በአንድ ሰዓት ያጥራል።

የኮንኮርዲያ ቤተ መቅደስ ፊት ስትደርሱ ልጆቹን አስቁሚና እንደገና ጠይቂ፦ «ሌሎቹ ሁሉ ሲወድቁ ይህ ለምን ቆመ?» ዕድሜው ከሌሎቹ የተለየ አይደለም፤ የተሠራው በ430ዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ነው። ካርታጎ በ406 ከተማዋን ስትዘርፍ እሱም እዚያው ነበር። መልሱ ግድግዳው ላይ ነው። የመሀሉ ክፍል ግድግዳዎች ላይ ቅስቶች ተቆርጠዋል። እነዚህ የግሪኮች ሥራ አይደሉም። በ597 ዓ.ም. ጳጳሱ ጎርጎርዮስ ሕንፃውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ስም ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። የዓምዶቹ መሀል በግንብ ተሞላ፣ የውስጡ ግድግዳ በቅስት ተከፈተ። ያ ግንብ ዓምዶቹን አንድ ላይ አሰራቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ብቻቸውን የቆሙት ወደቁ፤ የታሰሩት ቆሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕንፃው ባለቤት ነበረው። የሚጸለይበትን ቤት ድንጋይ ማንም ፈልፍሎ አይወስድም፤ ጣሪያው ሲያፈስም የሚጠግን አለ። በጥገና ሥራ ዘመኔ ሁሉ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሕንፃን ከመድኃኒት በላይ የሚያቆየው አገልግሎት ነው።

በአምስተኛው ቀን ከባሕሩ ተለይታችሁ ወደ መሀል አገር ትወጣላችሁ። ለሊቱ ፒያሳ አርሜሪና ይሁን። የውስጡ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አንዳንዴ ተዘግቶ ማዞሪያ ይደረጋል። ካርታው ከሚለው ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። መኪና ውስጥ የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ፊት ይቀመጥ።

ከሰዓት አይዶኔ የምትባለው ትንሽ ከተማ ሂዱ፤ ከፒያሳ አርሜሪና 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሙዚየሟ ውስጥ ቁመቷ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ጣዖት ቆማለች። አካሏ ከኖራ ድንጋይ፣ ፊቷና ክንዷ ከእብነ በረድ ነው። የልብሷ እጥፋት ነፋስ የመታው ይመስላል። በሕገ ወጥ ቁፋሮ ከሞርጋንቲና ፍርስራሽ ወጥታ ከአገር ተወሰደች። በ1988 የአሜሪካው ጌቲ ሙዚየም በ18 ሚሊዮን ዶላር ገዛት። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2011 ወደዚህች ትንሽ ከተማ ተመለሰች።

ለእናትሽ ይህን በዝርዝር ንገሪያቸው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ ሮም አደባባይ ላይ ቆሞ እንደነበረ፣ በ2005 በሦስት ክፍል በአውሮፕላን እንደተመለሰ፣ በ2008ም እንደተተከለ ያስታውሳሉ። ያኔ መላሿ ጣሊያን ነበረች፤ እዚህ ደግሞ ተመላሽ የሆነላት እሷው ናት። ኢትዮጵያዊ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲቆም ከሌላው ጎብኚ ሁሉ የተለየ ስሜት ያድርበታል ብዬ አምናለሁ። ዕቃው ትልቅ ሙዚየም ውስጥ ብዙ ሰው ያየው ነበር የሚለውን ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። አልቀበለውም። ጣዖቷን ከወጣችበት ኮረብታ አጠገብ ያያት ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። የሞርጋንቲና ፍርስራሽ ራሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጊዜና ጉልበት ከተረፈ ግቡ፤ ገበያው አደባባይ የሚወርደው ሰፊ ደረጃ ብቻውን ይበቃል።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ቪላ ሮማና ዴል ካዛሌ ተገኙ። አውቶቡሶቹ ከደረሱ በኋላ መተላለፊያው ይጨናነቃል። ይህ በ4ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. የተሠራ የሮማ ባለጸጋ ቤት ነው። ወለሉ ላይ 3,500 ካሬ ሜትር የሚሆን ሞዛይክ አለ። የሰሜን አፍሪካ ባለሙያዎች እንደሠሩት ይታመናል። በ12ኛው መቶ ዘመን የተንሸራተተ አፈር ቀበረው፤ ያ መቀበር ነው ያተረፈው። የምታዩት ከላይ በተዘረጋ መተላለፊያ ላይ ሆናችሁ ነው፤ ረጅም ዳገት የለውም።

ልጆቹን ታላቁ አደን የሚባለው ኮሪደር ላይ ልቀቂያቸው። ርዝመቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ዝሆንና ሰጎን ወደ መርከብ ሲጫኑ፣ አውራሪስ በገመድ ሲጎተት ታያላችሁ። ሁሉም ለሮም ትርዒት የሚሄዱ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ደግሞ በወፎች በሚጎተቱ ሠረገሎች ሕፃናት የሚሽቀዳደሙበትን ይፈልግ። አንድ ዓይና መሆን የነበረበት ግዙፉ ፖሊፌሞስም እዚህ ሦስት ዓይን ይዞ ተቀምጧል።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሲራኩስ። እዚህ ሁለት ሌሊት አላችሁ። ጥንታዊው ከተማ ኦርቲጂያ ትንሽ ደሴት ነው፤ በድልድይ ይገባል። መኪና ይዛችሁ አትግቡበት። የጣሊያን ከተሞች መሀል «ዜድ ቲ ኤል» የሚባል ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደ ክልል አለ። ካሜራ ታርጋውን ያነሣል፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ይመጣል፣ አከራዩም የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። ፓሌርሞና ካታኒያም እንዲሁ ናቸው። ከድልድዩ ሳታልፉ ማቆሚያ ፈልጉ። ሰማያዊ መስመር በክፍያ፣ ነጩ በነጻ፣ ቢጫው ለተፈቀደላቸው ብቻ ነው።

የኔያፖሊስ ፓርክን ጠዋት እዩ። ግማሹ ከአለት የተፈለፈለ ትልቅ ቲያትር አለ። በግንቦትና በሰኔ የጥንት ድራማ ስለሚታይበት መቀመጫው በእንጨት ይሸፈናል፤ በኦክቶበር ግን ድንጋዩን ራሱን ታያላችሁ። አጠገቡ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ የድንጋይ ካባ ነው፤ ዛሬ የሎሚና የብርቱካን ዛፍ ሞልቶታል። የሴጌስታ ተረት የሚያልቀው እዚህ ነው። የአቴና ጦር በ413 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተሸነፈ። ከ7,000 የማያንሱ ምርኮኞች ካባዎቹ ውስጥ ተጣሉ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት የመከር ብርድ ይፈራረቅባቸው ነበር። በቀን ለአንድ ሰው ሩብ ሊትር ያህል ውኃና ትንሽ እህል ይሰጥ ነበር። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። የዲዮኒስዮስ ጆሮ የሚባለው ዋሻም እዚያው ነው፤ ድምፅ ያስተጋባል። ልጆቹ መጮህ ይፈልጋሉ፣ ይጩሁ።

ካቴድራሉን ለመጨረሻ አቆዩት። ከፊት ሲያዩት የ18ኛው መቶ ዘመን ያጌጠ ሕንፃ ነው፤ በ1693 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተሠራ ፊት ነው። ወደ ጎን ስትዞሩ ግን ወፍራም የዶሪክ ዓምዶች ከግድግዳው ወጥተው ይታያሉ። በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴና ለምትባለው የግሪኮች ሴት ጣዖት (ለከተማዋ አይደለም) የተሠራው ቤተ መቅደስ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ከተማዋ በ878 በሙስሊሞች ከተያዘች በኋላ መስጊድ ሆነ፣ በኋላ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን። ዓምዶቹ ከቦታቸው አልተነሡም። እናትሽ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ከሆነ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን ያስታውሳሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ከማልታ ወደ ሮም ሲወሰድ ሲራኩስ ሦስት ቀን ቆይቷል። ያኔ ይህ ሕንፃ ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው።

ምን እንደተውን ልንገርሽ። ታኦርሚና አለች፤ ቲያትሯ ከኤትና ተራራ ፊት ለፊት ነው፣ ቆንጆ ነው። ነገር ግን ዳገትና ሰው ይበዛባታል፤ ለእናትሽ ስል ትቼዋለሁ። ተጨማሪ አንድ ቀን ብታገኙ እዚያ አታውሉት፤ ምዕራቡ ላይ ጨምራችሁ ሞዝያን እዩ። የፊንቄዎች ከተማ የነበረች ትንሽ ደሴት ናት፤ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ1979 የተገኘ የእብነ በረድ ወጣት ሐውልት አላት። በበጋ ልሂድ የሚል ዘመድ ካለሽ ደግሞ ምከሪው። በኦገስት 2021 ሲራኩስ አጠገብ ፍሎሪዲያ ላይ 48.8 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በአውሮፓ ከተለካው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ፍርስራሽ ላይ ደግሞ ጥላ የለም።

በየቦታው ስታቆሙ ሻንጣ የሚታይበት መኪና ጥላችሁ አትሂዱ። አምስት ሰው ከነሻንጣው ስለሆናችሁ የኋላ መጫኛው የሚዘጋ፣ ከውጭ የማይታይ ይሁን። እናትሽ ጫማቸው የማያንሸራትት ይሁን፤ ዘመናትን የተረገጠ ድንጋይ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ከሲራኩስ ካታኒያ አውሮፕላን ማረፊያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወደ ካታኒያ የሚገባው መኪና ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ተነሡ፤ ነዳጁንም ማረፊያው አጠገብ ሳይሆን ከሲራኩስ ሳትወጡ ሙሉት።